ከሜዳሊያው በፊት፦ ከወረዳ ሜዳ እስከ ብሔራዊ ቡድን ያለው መንገድ

በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. በጃፓን ርዕሰ ከተማ ቶኪዮ በተካሄደው 20ኛው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሀገራችን ልዑክ በ2 የብርና በ2 የነሐስ፣ በድምሩ በ4 ሜዳሊያዎች ተሳትፎውን አጠናቅቋል። አትሌት ዮሚፍ ቀጄልቻ በወንዶች 10 ሺህ ሜትር፣ አትሌት ትዕግስት አሰፋ በሴቶች ማራቶን የብር ሜዳሊያ ሲያስገኙ፣ አትሌት ጉዳፍ ፀጋይ በ10 ሺህ ሜትር፣ አትሌት ሲምቦ ዓለማየሁ ደግሞ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የወርቅ ሜዳሊያ ግን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1993 በጀርመን ሽቱትጋርት ከተካሄደው ሻምፒዮና ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 2023ቱ የቡዳፔስት ሻምፒዮና ድረስ በተከታታይ በተደረጉ 16 ውድድሮች ቢያንስ አንድ ወርቅ ይዞ ሲመለስ ለኖረ ሀገር ይህ ውጤት ጥያቄ ማስነሳቱ ተገቢ ነው።

ጥያቄው በየመገናኛ ብዙኃኑ፣ በየሥራ ቦታውና በየቤቱ ተነሥቷል። አብዛኛው ውይይት ያተኮረው በአትሌቶች ምርጫ፣ በአሰልጣኞች ምደባና በውድድር ስልት ላይ ነው። እነዚህ ጉዳዮች መልስ የሚሹ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚመለከቱት የረጅሙን መንገድ መጨረሻ ነው። አንድ ሯጭ በዓለም ሻምፒዮና መነሻ መስመር ላይ ከመቆሙ በፊት ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ዓመት የሚወስድ ጉዞ ያደርጋል። ጉዞው የሚጀምረው በትምህርት ቤት ሜዳ ወይም በቀበሌ ጥርጊያ ላይ ነው። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውጤቱን መነሻ በማድረግ የስፖርት ልማታችን ሰንሰለት የት ላይ ጠንካራ፣ የት ላይ ደግሞ የሳሳ እንደሆነ ማመላከት ነው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

ውጤትን በወርቅ ብዛት ብቻ መመዘን ያሳስታል። በቶኪዮ ዮሚፍ ቀጄልቻ ወርቁን ያጣው በ6 መቶኛ ሰከንድ ነው። ትዕግስት አሰፋም ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ የተቀደመችው በ2 ሰከንድ ነው። እነዚህ ሁለት ውድድሮች በተቃራኒው ተጠናቅቀው ቢሆን ኖሮ ልዑኩ በ2 ወርቅ ይመለስ ነበር፤ በሀገር ውስጥ የነበረው ውይይትም ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ስለዚህ በአንድ የማለፊያ መስመር ላይ በተወሰነ ዕድል ተነሥቶ የአትሌቲክሳችን ዘመን አብቅቷል ብሎ መደምደም ከእውነታው የራቀ ነው።

ይልቁንም ትኩረት የሚሻው ጠቅላላ የሜዳሊያ ቁጥርና የተገኘበት የውድድር ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ኦሪገን በተካሄደው ሻምፒዮና ኢትዮጵያ 4 የወርቅ፣ 4 የብርና 2 የነሐስ፣ በድምሩ 10 ሜዳሊያዎችን በማግኘት ከዓለም ሁለተኛ ደረጃን ይዛ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቡዳፔስት 2 የወርቅ፣ 4 የብርና 3 የነሐስ፣ በድምሩ 9 ሜዳሊያዎች ተገኝተዋል። በቶኪዮ ቁጥሩ ወደ 4 ዝቅ ብሏል። በኦሪገን ሜዳሊያዎቹ የመጡት ከ1,500፣ ከ5 ሺህና ከ10 ሺህ ሜትር፣ ከ3 ሺህ ሜትር መሰናክልና ከማራቶን፣ ማለትም ከ5 የውድድር ዓይነቶች ነበር። በቶኪዮ ግን ከ3 ዓይነቶች ብቻ ነው የተገኙት። በመሆኑም የታየው ለውጥ ከወርቅ ማጣት ይሰፋል። ለሜዳሊያ የሚፎካከሩ አትሌቶቻችን ቁጥርና የሚፎካከሩበት መስክ አብሮ ጠብቧል።

የተተኪዎች ብዛት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የፓሪሱ ኦሊምፒክ በግልጽ አሳይቷል። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ጎዳናዎች የኦሊምፒክ ማራቶን ክብረ ወሰንን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት ያሻሻለው አትሌት ታምራት ቶላ ወደ ቡድኑ የገባው በተጠባባቂነት ተይዞ ከቆየ በኋላ፣ አትሌት ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ባለመሰለፉ ነበር። ሀገራችን በዚያ ኦሊምፒክ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ በተጠባባቂ አትሌት የመጣ ነው። ተጠባባቂው የዓለም ሻምፒዮን የነበረበት ቡድን ከሥሩ ሰፊ መሠረት እንዳለው አያጠራጥርም። ይህ ስፋት ሳይታደስ ከቀረ ግን አንድ ጉዳት ወይም አንድ ሕመም የሀገርን ውጤት ሊያሳጣ ይችላል።

ከበቆጂ የሚገኘው ትምህርት

ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ ድረስ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች 24 የወርቅ፣ 15 የብርና 23 የነሐስ፣ በድምሩ 62 ናቸው። ሁሉም የተገኙት በአትሌቲክስ ነው። ከ24ቱ ወርቆች ውስጥ 10ሩ የተገኙት በአርሲ ከምትገኘው የበቆጂ ከተማና ከአካባቢዋ በወጡ 5 አትሌቶች ነው፤ ደራርቱ ቱሉ 2፣ ፋጡማ ሮባ 1፣ ቀነኒሳ በቀለ 3፣ ጥሩነሽ ዲባባ 3 እና ቲኪ ገላና 1። አንዲት የወረዳ ከተማ ከሀገሪቱ የኦሊምፒክ ወርቆች ከሦስት አንድ የሚበልጠውን ማበርከቷ በዓለም ስፖርት ታሪክ ተመሳሳይ አይገኝለትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ውጤት ብዙ ጊዜ በከፍታና በአየር ንብረት ሲገለጽ ይሰማል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መወለድና ማደግ ለጽናት ሩጫ እንደሚጠቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን በሀገራችን ተመሳሳይ ከፍታ ያላቸው ወረዳዎች በርካታ ናቸው፤ በሰሜን ሸዋ፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ ደጋዎችም ልጆች እየሮጡ ያድጋሉ። በቆጂን የለያት ከከፍታው በተጨማሪ የነበራት ሌላ ሀብት ነው። የትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ የጀመረው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለአሥርት ዓመታት በአንድ ቦታ ቆይቶ በየማለዳው ልጆችን አሰባስቧል። ከዚያ የተነሡት ሯጮች ሲያሸንፉ ደግሞ ቀጣዩ ትውልድ ዓላማውን በዓይኑ አይቶታል። ቋሚ አሰልጣኝ፣ የማይቋረጥ ልምምድና በቅርብ የሚታይ አርአያ፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ተሰጥኦ ወደ ውጤት ይለወጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተስፋ ሰጪ ነው። ከፍታ የተፈጥሮ ስጦታ ሲሆን፣ ቋሚ አሰልጣኝ መመደብ ግን የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በቅርብ ዓመታት ከትግራይ ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና በሪሁ አረጋዊ፣ ከጉራጌ ሰለሞን ባረጋ መውጣታቸው ተሰጥኦ በአንድ አካባቢ ያልተወሰነ መሆኑን ያረጋግጣል። የሚቀረው ጉዳይ በእያንዳንዱ ወረዳ ያለውን ልጅ የሚያይ ዓይን መኖሩን ማረጋገጥ ነው።

የማን ድርሻ ምንድን ነው?

በሕዝብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ብዥታ የሚፈጥረው በስፖርቱ ውስጥ የመንግሥትና የፌዴሬሽን ድርሻ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ደግሞ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት፣ በሥራና በመኖሪያ አካባቢ በስፖርት እንዲሳተፍ ማድረግን ከዋና ዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ስፖርቱን በሀገር አቀፍ ደረጃ የመምራት ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። በጠቅላላ ጉባኤው የሚመራ፣ አመራሩን በምርጫ የሚሰይምና ለዓለም አትሌቲክስ አካል በአባልነት ተጠሪ የሆነ ሕዝባዊ ማኅበር ነው። በ2009 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከእርሱ በመቀጠል ደራርቱ ቱሉ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስለሺ ስህን በፕሬዚዳንትነት መርተውታል። ብሔራዊ ቡድንን የመምረጥ፣ ሀገር አቀፍ ሻምፒዮናዎችን የማዘጋጀት፣ የቴክኒክ ደንቦችን የማስፈጸም ሥልጣን የፌዴሬሽኑ ነው። ዓለም አቀፍ የስፖርት ተቋማት በዚህ ሥልጣን ውስጥ የመንግሥት ጣልቃ ገብነትን አይፈቅዱም።

የመንግሥት ድርሻ የሚጀምረው ከዚያ በታች ባለው ሰፊ መስክ ነው። የትምህርት ቤት ስፖርት፣ የማዘውተሪያ ስፍራዎች ግንባታና ጥበቃ፣ የባለሙያ ሥልጠና፣ የወረዳና የዞን ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ እንዲሁም የማሰልጠኛ ማዕከላት በዋናነት በመንግሥት በጀት የሚንቀሳቀሱ ናቸው። አሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል፣ በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚ፣ እንዲሁም በበቆጂ፣ በደብረ ብርሃን፣ በማይጨውና በሀገረ ሰላም የተቋቋሙት ማዕከላት ለዚህ ማሳያዎች ናቸው። በሌላ አገላለጽ ፌዴሬሽኑ ምርጥ አትሌቶችን የሚመርጥበትን ስፋት የሚወስነው ከፌዴሬሽኑ ውጪ በትምህርት ቤትና በወረዳ የሚሠራው ሥራ ነው። በመጨረሻው ላይ የሚታየው ውጤት የሁለቱም ወገን ድምር ነው፤ ተጠያቂነቱም እንደዚያው።

የሳሳው መሸጋገሪያ

የአትሌት ልማት ሰንሰለት በጥቅሉ አራት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ልጆች በትምህርት ቤትና በሠፈር የሚሮጡበት፣ ሁለተኛው በወረዳ የታዳጊ ወጣቶች ፕሮጀክትና በማሰልጠኛ ማዕከል የሚሰለጥኑበት፣ ሦስተኛው በክለብ ታቅፈው የሚወዳደሩበት፣ አራተኛው ብሔራዊ ቡድን ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሀገራችን ጥንካሬ በሁለቱ ጫፎች ላይ ይታያል። በታችኛው ጫፍ ሩጫ የልጆቻችን የዕለት ተዕለት ሕይወት አካል ነው። በላይኛው ጫፍ ደግሞ በዓለም ደረጃ የተመሰከረላቸው አትሌቶችና አሰልጣኞች አሉን።

ድክመቱ በመካከል ነው። ለዚህ ማስረጃው የወጣቶች ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኮሎምቢያ ካሊ በተካሄደው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያ 6 የወርቅ፣ 5 የብርና 1 የነሐስ፣ በድምሩ 12 ሜዳሊያዎችን በመሰብሰብ ከዓለም ሦስተኛ ሆናለች። ከሦስት ዓመት በኋላ እነዚያ ወጣቶች ወደ አዋቂዎች ደረጃ ሲሸጋገሩ የዋናው ቡድን ውጤት ከፍ ሊል ይገባው ነበር። የተገላቢጦሽ ሆኖ ቁጥሩ ዝቅ ብሏል። ተሰጥኦ እየተገኘ ከመንገድ ላይ እየባከነ እንዳለ ይህ ንጽጽር ይጠቁማል።

ለዚህ ብክነት በርካታ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የክለቦች ስርጭት ነው። የመከላከያ፣ የፖሊስ፣ የማረሚያ ቤቶች፣ የንግድ ባንክ፣ የኤሌክትሪክና ሌሎችም ክለቦች ለአትሌቶች ደመወዝ፣ መኖሪያና አሰልጣኝ በማቅረብ ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ሻምበል አበበ ቢቂላና ሻምበል ማሞ ወልዴም ከክቡር ዘበኛ መውጣታቸው ይህ ትስስር ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ጠንካሮቹ ክለቦች በአብዛኛው መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። ከማሰልጠኛ ማዕከል ጊዜውን ጨርሶ የወጣ የ18 ዓመት ወጣት ክለብ ካላገኘ ያለው አማራጭ ወደ ቤተሰቡ እርሻ መመለስ ወይም በራሱ ወጪ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ዕድሉን መጠበቅ ነው። በየማለዳው በእንጦጦ፣ በሰንዳፋና በሱሉልታ ከሚሮጡት መካከል በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛው ምክንያት የገንዘብ ግፊት ነው። የጎዳና ላይ ሩጫ ሽልማት ከመም ውድድር ይልቅ ፈጥኖ ይገኛል። ቤተሰቡን የመርዳት ኃላፊነት የተጣለበት ወጣት በ5 ሺህ ሜትር ፍጥነቱን ሳያዳብር ወደ ረጅም የጎዳና ውድድር ቢገባ ሊወቀስ አይችልም። ሆኖም ፍጥነት በወጣትነት ካልተገነባ በኋላ ለማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን የሙያው ሰዎች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ኃይሌና ቀነኒሳ ወደ ማራቶን የዞሩት በመም ላይ ለዓመታት ነግሠው ከቆዩ በኋላ ነበር። ዛሬ ይህ ቅደም ተከተል እየተዛባ መምጣቱ በ1,500ና በ5 ሺህ ሜትር ያለንን ተፎካካሪነት እንደሚጎዳ ግልጽ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሣው ምክንያት የዕድሜ ማጭበርበር ነው። ከትክክለኛ ዕድሜው ቀንሶ የተመዘገበ ሯጭ በወጣቶች ውድድር ሲያሸንፍ የሚያገኘው ሜዳሊያ ለጊዜው ሪፖርት ያሳምራል። ነገር ግን ከኋላው ተቀድሞ የቀረው እውነተኛው የ16 ዓመት ልጅ ከምልመላ ውጪ ይሆናል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይመለስም። አሸናፊውም ቢሆን ከፍተኛ ብቃቱን በወጣቶች ውድድር ላይ አሟጥጦ ወደ አዋቂዎች ደረጃ ሲሻገር የሚጨምረው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ የዕድሜ ማጭበርበር በሁለት አትሌቶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ጥፋት ነው። ወረዳና ዞን በወጣቶች ሜዳሊያ ብዛት ብቻ እስከተመዘኑ ድረስ ደግሞ ችግሩን በዝምታ የሚያልፉበት ምክንያት አያጡም።

ለዚህ ችግር ዘላቂ መፍትሔ የሚሆነው መሠረት ተጥሏል። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ ጀምሯል። በዚያ ዓመት የልደት ምዝገባ የተደረገላቸው ሕፃናት 17 ዓመት የሚሞላቸው በ2025 ዓ.ም. ነው። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ከአሁኑ ጀምሮ በትምህርት ቤት ውድድር የሚሳተፉ ልጆችን በልደት የምስክር ወረቀታቸው መሠረት ቢመዘግቡና መዝገቡን እስከ ብሔራዊ ቡድን ድረስ ቢያስከትሉት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የዕድሜ ክርክር በጥርስና በአጥንት ምርመራ ሳይሆን በሰነድ የሚፈታ ይሆናል። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ቅንጅትን ብቻ የሚሻ ሥራ ነው።

ሜዳ የሌለው ልጅ

የማዘውተሪያ ስፍራ እጥረት በላይኛው ደረጃ እንኳ በጉልህ የሚታይ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም በእድሳት ላይ በመቆየቱና ደረጃውን የጠበቀ መም እንደልብ ባለመገኘቱ፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2021 የተደረገው ማጣሪያ በኔዘርላንድ ሄንግሎ፣ ለፓሪስ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 የተደረገው የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ደግሞ በስፔን ኔርሃ ተካሂዷል። ከሀገር ውጪ ማጣሪያ ማድረግ ፈጣን ሰዓት ለማስመዝገብ የሚጠቅምበት ሁኔታ አለ። ሆኖም ሕዝቡ የራሱን አትሌቶች ምርጫ በዓይኑ የማየት ዕድል ያጣል፤ ታዳጊዎችም ጀግኖቻቸውን በቅርብ ሳያዩ ይቀራሉ።

በወረዳ ደረጃ የሚያስፈልገው ግን ውድ መም አይደለም። ለሩጫ የተጠበቀ ደልዳላ መሬት፣ ከአደጋ የራቀ የገጠር መንገድ፣ ልብስ መቀየሪያና ውሃ ለብዙ ዓመታት በቂ ናቸው። ትልቁ አደጋ ያለው የነበረው ሜዳ ለሌላ አገልግሎት ሲውል ነው። በከተሞች መስፋፋት የተነሣ ልጆች ኳስ ይመቱበት፣ ይሮጡበት የነበረው ክፍት ቦታ በየጊዜው ሲሸነሸን ታይቷል። አንድ ሕንፃ በሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል፤ በሠፈር መካከል የጠፋ ሜዳ ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለሆነም ለስፖርት የተለየ መሬት በይዞታ ማረጋገጫ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ማድረግ የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች ቀዳሚ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች፣ እንዲሁም አነስተኛ ሜዳዎች በዚህ ረገድ በጎ ጅምር ናቸው።

ከሯጮች ሀገር ወደሚሮጥ ሕዝብ

የኅብረተሰብ አቀፍ ስፖርት ዋጋ ለብሔራዊ ቡድን ተተኪ በማፍራት ብቻ የሚለካ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም በከተሞቻችን እየተለመዱ በመጡበት በዚህ ወቅት እንቅስቃሴ ከሁሉም የረከሰ መከላከያ ነው። በዓለም ዘንድ የሯጮች ሀገር ተብላ የምትታወቅ ሀገር ዜጎቿ ቢሮና ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉ ከሆነ ስሟና ኑሮዋ ይለያያሉ።

በዚህ በኩል የተጀመሩ መልካም ሥራዎች አሉ። በ1994 ዓ.ም. በኃይሌ ገብረሥላሴ መሥራችነት በ10 ሺህ ተሳታፊዎች የተጀመረው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ዛሬ ከአፍሪካ ታላላቅ የጎዳና ሩጫዎች አንዱ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ጎዳናዎችን ለተወሰነ ሰዓት ለእግረኛና ለስፖርት የመልቀቅ መርሐ ግብርም በርካታ ከተሞችን አነቃቅቷል። እነዚህ ዝግጅቶች ያላቸው ዋጋ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሩጫ በዓል ነው፤ ጤናና ውጤት የሚገኘው ከሳምንታዊ ልማድ ነው። የልማዱ ማዕከል ሊሆን የሚችለው ትምህርት ቤት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሌላ የትምህርት ዓይነት ሳይተካ ከተሰጠ፣ መምህሩ ሥልጠና ካገኘ፣ በየወሩ በክፍሎች መካከል አነስተኛ ውድድር ከተካሄደ ማንኛውም ልጅ ለምልመላ ሳይታይ አያልፍም። ከክፍል ውድድር የወጣው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል፣ ከክልልም ወደ መላ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች የሚያደርስ መሰላል ይኖረዋል።

የተሳትፎ መስፋት የውድድር ዓይነትንም ያሰፋል። አትሌት ጽጌ ዱጉማ በፓሪስ በ800 ሜትር ያስገኘችው የብር ሜዳሊያ ኢትዮጵያ በዚህ ርቀት በኦሊምፒክ ያገኘችው የመጀመሪያው ነው። በተለመደው መንገድ ብቻ ብንመለምል ኖሮ ሁሉንም ፈጣን ልጅ ወደ 10 ሺህ ሜትር እንወስደው ነበር። በጋምቤላ፣ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ አካባቢዎች ያሉ ልጆችም ለአጭር ርቀት፣ ለዝላይና ለውርወራ ያላቸው ብቃት በአግባቡ የሚታየው በአካባቢያቸው ባለሙያና ውድድር ሲኖር ነው።

ንጽሕና የሌለው ድል

ከመሠረት ግንባታ ጋር የማይነጠለው ሌላው ጉዳይ ከአበረታች ቅመሞች የጸዳ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ አካል የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሥርዓታቸው አስጊ ነው ካላቸው አምስት ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ተቋም ተቋቁሞና በባለሥልጣን ደረጃ ተደራጅቶ የምርመራና የትምህርት ሥራ እየሠራ ይገኛል። የቅጣት ዜና ግን አሁንም አልጠፋም። ብዙውን ጊዜ ለአደጋ የሚጋለጡት ክለብ፣ ሐኪምና ታማኝ አማካሪ የሌላቸው፣ ከላይ በተጠቀሰው መሸጋገሪያ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ወጣቶች ናቸው። በመሆኑም ትምህርቱ ብሔራዊ ቡድን ሲደርሱ ሳይሆን ከወረዳ ፕሮጀክት ጀምሮ ሊሰጥ ይገባል።

ምን እንለካ?

የሚለካ ነገር ትኩረት ያገኛል። እስካሁን የስፖርት ዘርፉ ስኬት በአብዛኛው ሲነገር የቆየው በሜዳሊያ ቁጥር ነው። ሜዳሊያ ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ሥራ ውጤት እንደመሆኑ ዛሬ ስለሚሠራው የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ በየዓመቱ ቢመልሳቸው የሚጠቅሙ አራት ጥያቄዎች አሉ። ስንት ትምህርት ቤቶች መደበኛ ውድድር አካሄዱ? ስንት ሠልጣኞች በሙያው የሠለጠነ ቋሚ አሰልጣኝ አላቸው? ከማሰልጠኛ ማዕከል ከወጡት ስንቶቹ በክለብ ታቀፉ? ለስፖርት የተለየው መሬት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የእነዚህ መልሶች በግልጽ ቢታተሙ ሕዝቡም፣ ምክር ቤቶችም፣ ፌዴሬሽኑም በቀጣዩ ኦሊምፒክ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው አስቀድመው ያውቃሉ።

የሥራው ስፋት ለአንድ ተቋም ብቻ የሚተው አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜውን፣ ወረዳው ሜዳውን፣ ክልሉ አሰልጣኙን፣ የልማት ድርጅቶችና የግል ባለሀብቶች ክለቡን፣ ፌዴሬሽኑ ፍትሐዊ ምርጫውን፣ ወላጅ ደግሞ ትክክለኛውን ዕድሜ ይዘው ሲቀርቡ ሸክሙ ይቀላል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮማን አስደነቀ። ያ ድል ከዚያች ሌሊት በፊት በክቡር ዘበኛ ውስጥ ልምምድ፣ አሰልጣኝና ውድድር የሚያቀርብ ሥርዓት ስለነበር የተገኘ ነው። ዛሬ በአንድ የደጋ ወረዳ ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ የምትሄድ የ10 ዓመት ልጅ ለዓለም ሻምፒዮና የምትደርሰው በ2028 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ሜዳ፣ አሰልጣኝና ክለብ ታገኝ ወይስ አታገኝ የሚወሰነው በመጪዎቹ ጥቂት የበጀት ዓመታት በየወረዳው በሚጸድቁት ዕቅዶች ነው።